ለእግረኛ ብቻ

በእርሻዬ በር ላይ «ለእግረኛ ብቻ» የሚለውን ሰሌዳ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ፊደሉንም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ነቅለው ሲጥሉት መልሼ እሰቅለዋለሁ፤ ደግመው ሲጥሉት ደግሜ እሰቅለዋለሁ።

በፖም ዛፎቼ መሀል የእግር መንገድ ያልፋል። እግረኛ ይለፍ፤ ከልክዬ አላውቅም። አሮጊቷ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ትለፍ፣ ፍቅረኛሞችም ተቃቅፈው ይለፉ፣ አላየሁም እላለሁ። ብስክሌተኛ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አይቆምም፣ አይታጠፍም፣ ይቅርታ አይልም። ጎማው ዛፎቼን የማጠጣበትን ቀጭን ቱቦ ይበጥሰዋል። በሩን በርግዶ ይሄድና የጎረቤት ፍየሎች ገብተው አምና የተከልኩትን ችግኝ ቅርፊቱን ይግጡታል። ይህን ስነግራቸው «እኛኮ ተፈጥሮን የምንወድ ሰዎች ነን» ይሉኛል። እኔስ ተፈጥሮን ጠልቼ ነው ቀኑን ሙሉ አፈር ላይ ተንበርክኬ የምውለው?

ይህንንም ቢሆን እችለው ነበር። ያልቻልኩት የብስክሌተኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር የገዛ ታናሽ እህቴ መሆኗን ነው።

አባታችን ሲሞት መሬቱን ለእኔ፣ አሮጌ ብስክሌቱን ለእሷ ተወ። ሰው ሁሉ «አንቺማ ታድለሻል» አለኝ። ታድዬ! መሬት ማለት አረም ነው፣ ትል ነው፣ ግብር ነው። የዚያን ብስክሌት ሰንሰለት ግን አባባ አልጋ እስኪይዝ ድረስ ዘይት ይቀባው ነበር። እሷን «ሚጡ» ብሎ ይጠራታል፤ እኔን «ትልቋ»። ለእሷ የቁልምጫ ስም፣ ለእኔ ማዕረግ። አሁን ብስክሌቱ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባባ ነው በዚህ ያስተማረኝ» ትላለች፤ እንግዶቹ «ውይ!» ይላሉ፤ እኔ ጥጌን ይዤ ሻዬን አማስላለሁ።

ክርክሩ የመንገድ ጉዳይ ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። ጠበቃዬ ነገሩን አስቀድሞ አስረዳኝ። «አባትዎ መሬቱን ገዝተው ከማጠራቸው በፊት ሰው በዚያ መንገድ በብስክሌት ይመላለስ ከነበረ መንገዱ የብስክሌትም ነው። ካልነበረ የእግረኛ ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ የሆነው በባለቤቱ ፈቃድ የሆነ ስለሆነ አይቆጠርም። የዚያን ጊዜ ምስክር ደግሞ እነሱ የላቸውም።»

«ታዲያ እኔ ምን ልበል?»

«ምንም። ዝም ካሉ አሸንፈናል።»

አዳራሹ ጠባብ ነበር፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በተቀመጡበት ቁጥር የሚንቋቁ ወንበሮች፣ ጣራው ላይ የማይዞር ማራገቢያ። ብስክሌተኞቹ ሄልሜታቸውን እንደ ዱባ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተደርድረዋል። እህቴ ተነስታ ትናገር ጀመር።

«አባባ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ አብሮኝ ይሮጥ ነበር። ‹አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ!› ይለኛል። ዞር ብዬ ሳይ ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል፤ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ይስቃል።»

አዳራሹ በሙሉ ፈገግ አለ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። የእኔው ጠበቃ እንኳ፣ ከፍዬ ያመጣሁት ሰው፣ ልቡ ራርቶ ሲያያት ያዝኩት። ወዲያው ግን ሥራውን አስታወሰ።

«በዚያን ጊዜ አጥሩ ነበር?»

«ነበር። በሩን የከፈተልኝ አባባ ነው።»

«አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠና በጠረጴዛው ስር አውራ ጣቱን አሳየኝ። አለቀ ማለት ነው።

ሰብሳቢዋ ወረቀቷን እየሰበሰበች፣ እንዲያው ለወግ ያህል፣ «እህትዎንስ? እሳቸውንም እዚያው ነው ያስተማሯቸው?» አለቻት።

ሚጡ ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረውም፤ ይበልጥ ያንጨረጨረኝም እሱ ነው። «እትዬን? ኧረ እትዬ ብስክሌት ትፈራለች! አባባ ያስተማረው እኔን ብቻ ነው።»

ጠበቃዬ ክንዴን ሲጨብጠኝ ተሰምቶኛል፤ ግን ቆሜአለሁ።

«ውሸት!»

«ይቀመጡ» አለ ጠበቃዬ ጥርሱን ነክሶ።

«ለምን እቀመጣለሁ? መጀመሪያ ያስተማረው እኔን ነው! አንቺ ሳትወለጂ! መሬቱ የሰው ሆኖ፣ አጥር የሚባል ነገር ሳይኖር! በዚያው መንገድ፣ በዚያው ብስክሌት! ‹አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ› ያለውም መጀመሪያ እኔን ነው። ለአንቺ የደረሰሽ ድጋሚው ነው!»

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሳች። «እርስዎና አባትዎ ብቻ ነበራችሁ ወይስ ሌላም ሰው…»

«የምን ብቻ! የጡብ ፋብሪካው ሠራተኞች ጠዋት ማታ በብስክሌት የሚያልፉት በዚያ አይደለም እንዴ! ደወላቸውን እየደወሉ ‹በርቺ ሚጡ!› ይሉኝ ነበር። አዎ፣ ሚጡ! ሚጡ እኔ ነበርኩ! እሷ ስትወለድ ብስክሌቱንም ስሙንም ወስደው ሰጧት!»

ከዚያ ጠበቃዬ ቦርሳውን ሲዘጋ ቀጭ የሚለው ድምፅ ተሰማ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ብስክሌተኞቹ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ነው። ቢሆንም አንገቴን አልደፋሁም። እንዲያውም ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጬ አላውቅም።

ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ አላጨበጨበም፤ እህቴ።

ሰሌዳውን ራሴ አወረድኩት። ቱቦዬን መሬት ቆፍሬ ቀበርኩት። አሁን ሲያልፉ ደወል ይደውሉልኛል፣ እኔም በሩን ዝጉ እያልኩ እጮህባቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚጡ ለብቻዋ መጣች። ከግድግዳ ያወረደችውን የአባባን ብስክሌት በእጇ ይዛለች። በሩ ጋ ቆመች።

«እትዬ።»

«መንገዱ ያውልሽ። ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እውነት ሚጡ ይልሽ ነበር?»

«ይለኝ ነበር።»

የብስክሌቱን ደወል በጣቷ ነካካችው፤ አላስጮኸችውም። «እኔን የለቀቀኝ ድንጋዩ ጋ ነው። አንቺንስ የቱ ጋ ነው?»

ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ያንን የተነጠቀ ሰው ፊት በደንብ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ውስጥ ሳየው ኖሬአለሁ። በእሷ ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ አይዋሽም፣ ደስ አለኝ። ቦታውንም አልረሳሁትም። በጣቴ ብጠቁማት ከቆመችበት ይታያል።

«የፈረዱልሽ መንገዱን ነው» አልኳት። «እሱን አይደለም።»

መቀሴን አንስቼ ወደ ዛፎቼ ተመለስኩ። በቅጠሉ መሀል አጮልቄ ሳያት ብስክሌቱ ላይ አልወጣችም። በጎኗ እየገፋች፣ የወደቀባት ነገር እንደምትፈልግ ሰው መሬት መሬቱን እያየች፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ሄደችው።