የኦዲሎን አፍንጫ

ቅምሻ ባለበት ቀን ኦዲሎን ቤት ሽንኩርት አይጠበስም፣ ቡና አይፈላም፣ ሽታ ያለው ሳሙና የነካው ሰውም ወደ ምድር ቤቱ አይወርድም። ይህን ሕግ ያወጣው ራሱ ኦዲሎን ነው፤ አርባ አንድ ዓመት የኖረችበት ግን ሚስቱ ሌዮንቲን ናት። የሠርጓ ዕለት እንኳ ሽቶ አልተቀባችም፤ ሠርጉ ቅዳሜ፣ ቅምሻው ሰኞ ነበራ፤ ምን ታድርግ።

ኦዲሎን ቀማሚ ነው። በኛ አገር ቢራ መጥመቅ አንድ ነገር ነው፣ መቀመም ሌላ። ሰው እርሾ ሳይጨምርበት የብርድ ወራት አየር ያቦካው ቢራ በእንጨት በርሜል ይተኛል፤ አንዱ ዓመት፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት። ከዚያ ቀማሚው ከበርሜል በርሜል እየዞረ ይቀምስና የትኛው ከየትኛው፣ ስንት በስንት እንደሚደባለቅ ይወስናል። ወጣቱ ለድብልቁ ነፍስ ይሰጠዋል፣ ሽማግሌው ጠባይ። አንድ የተበላሸ በርሜል ሾልኮ ከገባ ግን የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

በአርባ አንደኛው ዓመት የካቲት ላይ ኦዲሎንን ክፉ ጉንፋን ጣለው። ዳነ፣ ሳሉም ለቀቀው። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ሌዮንቲን ከጓሮ ስትመለስ ምድጃው ላይ ወተት አርሮ፣ ቤቱ በቅርናቱ ታፍኖ አገኘችው። ኦዲሎን አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ቀና እንኳ አላለም። ልቧ ስንጥቅ አለ።

ከዚያ ያደረገችውን ለመናገር እስከ ዛሬ ታፍራለች። ከተማ ወርዳ የጽጌረዳ ሳሙና ገዛች፤ ታጠበችና ጉያው ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ድሮ ቢሆን አገር ይያዝልኝ ይል ነበር። «ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» አላትና ገጹን ገለበጠ።

ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፤ እሱ እቴ፣ ምላሱን ዋጠ። እሷም ዝም አለች። ቀማሚን አፍንጫህ ሞቷል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይጠፋውም፤ ለእሷ ደግሞ ይብሳል። የቅምሻው ቀን ደረሰ። ልጃቸው ዋነስ በማግስቱ ጠርሙስ ሊሞላ ተዘጋጅቶ፣ «አባዬ፣ እስከ ምሳ ድረስ ቁጥሩን ትሰጠኛለህ አይደል?» ብሎ ወጣ።

ሌዮንቲን ዳቦ ይዛ ወረደች። ኦዲሎን እንደ ወትሮው የበርሜሉን ውታፍ ነቀል ያደርጋል፣ ብርጭቆው ላይ ፊጭ ያለውን ያሸታል፣ ይጎነጫል፣ ይተፋል፣ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋል። ያየው ሁሉ ምንም አልጎደለበትም ይላል። ዘጠነኛው በርሜል ላይ «ስድስት ባልዲ» ብሎ ጻፈ።

እሷ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደችና አሸተተችው። አፍንጫዋን ቆነጠጣት።

«ኦዲሎን፣ ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ቀማሚ የሆንሽው?»

«አርባ አንድ ዓመት ምሳ ላይ ቢራህን ስጠጣ የት ነበርክ?»

«ሂጂ ወደ ላይ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«አልሄድም። ስድስት ባልዲ ኮምጣጤ ልጨምር ካልክ እኔንም ጨምረኝና ይለይልን።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ያን ትልቅ ሰውዬ እንዲህ ተሰብስቦ ስታየው አንጀቷን በላው።

«ከየካቲት ጀምሮ» አለ ወደ መሬት እያየ። «ቡናው ሙቅ ውሃ ነው። ዳቦው ገለባ። ቢራው ይመረኝ ይኮመጥጠኝ እንደሆነ ምላሴ ያውቃል፤ ግን ቢራችን ሁሉም ይኮመጥጣል፣ ኮምጣጤውን የሚለየው አፍንጫ ነው። ድሮ በጻፍኩትና በማስታወስ እወጣዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማታ አንቺ ስትተኚ አፍንጫዬን ፀጉርሽ ውስጥ እከታለሁ፤ ዛሬ ይመጣል ብዬ። አይመጣም። ቢራው ቢቀር ይቅር፤ አንቺን ግን እንዴት ብዬ ነው አትሸቺኝም የምልሽ?»

ሌዮንቲን ስለ ሥራው ሲባል ነው የሚደብቀው ብላ ነበር፤ ለካ ሌላ ነው። አጠገቡ ቁጭ አለች። የሳሙናውን ነገርም ያን ጊዜ ነገረችው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አለቀሰ ብላ ደነገጠች፤ እየሳቀ ነበር። «ጽጌረዳ? በዚህ ቤት?» አለና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ሁለቱም ነበረበት፣ ሳቁም ልቅሶውም።

ከዚያ ወደ በርሜሎቹ ተመለሱ። እሷ ትቀምሳለች፣ እሱ ይጠይቃል። የቀማሚ ቃል አታውቅም፤ ያላትን ተናገረች። «ይሄ ዝናብ የመታው ድርቆሽ ነው።» «ይሄ የእናትህ ጓዳ ነው፣ ፖሙ መጨማደድ ሲጀምር።» «ይሄኛው ያኮረፈ ልጅ ነው፣ ምንም አይናገርም።» እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማታል። ፖሙን ሲሰማ «አዎ፣ አዎ፣ እሱ ነው» አለ፣ የጠፋበት ዘመድ እንደተገኘለት ሰው። በአንዲት ብልቃጥ እየለኩ ቀላቀሉ። መሃሉ ላይ ባዶ ሆነብኝ አለችው፤ ከአራተኛው ትንሽ ጨምሪ አላት። ጨመረች። እንደገና ቀመሰችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ምነው?»

«ደህና ነው» አለች። «በጣም ደህና ነው፣ ኦዲሎን።»

ዋነስ ደረጃውን ሲወርድ ሌዮንቲን ውሸቷን አዘጋጅታ ነበር። አባትህ ጨርሷል ልትል፣ ምሥጢሩንም ይዛው ልትሞት ቆርጣለች። ዋነስ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ምድር ቤት ውስጥ ከአባቱ ሌላ የጠየቀው ሰው የለም።

«አባዬ፣ እንዴት ሆነ ታዲያ? ቀመስከው?»

አፏን ስትከፍት ኦዲሎን ቀደማት።

«እኔ አልቀመስኩም» አለ። «አፍንጫዬ ከጠፋ ሦስት ወሩ ነው፣ ልጄ። የዘንድሮውን የቀመመችው እናትህ ናት። እሷን ጠይቃት።»

ዋነስ ቁጥሩን ሊጽፍበት ያመጣውን ጠመኔ ይዞ ቆሞ ቀረ። አባቱን አየ፣ እናቱን አየ። ኦዲሎን አንገቱን አልደፋም፤ እጇን ይዞ ነበር፣ በልጁ ፊት ይዞት የማያውቀውን እጅ።

«እሺ እማዬ» አለ ዋነስ በመጨረሻ፣ ለአባቱ ብቻ ይናገርበት በነበረው ድምፅ። «ከየትኛው ልጀምር?»

እሷ ቁጥሩን መናገር ጀመረች፤ መሃል ላይ ቆም ብላ ኦዲሎንን አየችው። ኦዲሎን እጇን ጠበቅ አደረገ። «ቀጥዪ» አላት፣ «እየሰማንሽ ነው።»