የሶፋ ሠሪው ጀልባ

እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፎም ስቆርጥ ስለኖርኩ ፎም ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል። ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው።

ያገለገለች ትንሽ የፋይበር ጀልባ የገዛሁት ለባለቤቴ ብዬ ነው። ወገቧን ያማታል፤ ውሃ ላይ ስትሆን ግን ፊቷ ይፈታል። የጀልባዋ መቀመጫዎች ዙሪያቸውን የታሸጉ ደረቅ ሣጥኖች ነበሩ። አንዱን ብከፍተው ነጭ ፎም እስከ አፍ ገደፉ ተጠቅጥቆበታል። "ወይ ጉድ! ይህን የመሰለ ፎም ቀብረው ሰውን በደረቁ ያስቀምጡታል!" ብዬ ሠሪዎቹን ሰደብኳቸው።

ፎሙን አውጥቼ ለስላሳ ስፖንጅ ደረብኩበት፤ በሰማያዊ ሌዘር ለብጬ የመቀመጫና የመደገፊያ ትራስ አደረግኩት። ለባዶዎቹ ሣጥኖች በር ገጥሜ ዕቃ ማስቀመጫ አደረግኳቸው። ልጄ አይታ "አባዬ፣ ሳሎናችን እኮ እንዲህ አያምርም!" ስትለኝ ደረቴን ነፋሁ።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ሐይቅ ላይ ልንወጣ ስንል የባለቤቴ ታላቅ እህት መጡ። እትዬ ዕድሜያቸውን በጀልባ ጥገና የጨረሱ ሴት ናቸው፤ እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ "ባለሶፋው" ነው የሚሉኝ። ትራሶቼን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ሣጥኖቹን በጣታቸው አንኳኩና "ሆዷ ውስጥ የነበረው ፎም የት ሄደ?" አሉ።

"ይኸው፣ ይቀመጡበት" አልኩ በኩራት።

"ውሃ ሙላባት።"

"ምን?"

"የተነካካች ጀልባ ሰው ሳይሳፈርባት በፊት ዳር ላይ ውሃ ትሞላለች። እኛ ዘንድ ሥራው እንዲህ ነው።"

ደሜ ፈላ። ገና እጅ ያልነካው ሌዘር! አፌን ስከፍት ባለቤቴ በዓይኗ ቆጣ አለችኝ። ወገብ ድረስ ወደሚሆን ውሃ ገፋናት፣ በሦስታችን ፈንታ ሦስት ጆንያ አሸዋ ጫንንባትና በባልዲ እንሞላት ጀመር። ውሃው ጠርዟ ላይ ሲደርስ ስጥም አለች፤ ሞተሯ ቀድሞ፣ አፍንጫዋ ተከትሎ። ሰማያዊ ትራሶቼ ብቻ እየተንሳፈፉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"ሶፋህስ ተርፏል" አሉ እትዬ።

ልጄ ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ ዋና አትችልም። እኔ እዚያው ውሃው ውስጥ ቁጭ አልኩ።

እትዬ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። "ፎሙ የተሠራው ለመቀመጫ ሳይሆን እሷን ለመሸከም ነው። ካልታሰረ ደግሞ ጥሏት ይሄዳል" አሉኝና ሳምንቱን ሙሉ አብረውኝ ሠሩ። ፎሙን ከትራሶቹ አውጥተን ሣጥኖቹን መልሰን ሞላን፣ በሮቼን አሸግን። እኔ በበሮቹ ለጨመርኩት ክብደት ማካካሻ ሌላ ፎም ከጠርዟ ሥር በግራም በቀኝም እኩል አድርገን አሰርን፤ "ታች ብቻ ከሆነ ትገለበጣለች" ብለውኛል። ከዚያ እንደገና ውሃ ሞላንባት። ሦስቱን ጆንያ እንደያዘች፣ ጠርዟን ከውሃ በላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች።

በወሩ አንድ ትልቅ ጀልባ በአጠገባችን ሲከንፍ ማዕበሉ ላያችን ላይ ተደፋ። ጀልባችን ሞላች። ሰው እስኪደርስልን ድረስ እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን፤ እሷ ግን አልሰመጠችም። ባለቤቴ ልጃችንን ጥብቅ አድርጋ አቅፋ "እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! ዕድሜ ይስጥልኝ!" ትላለች። እኔ የዚያን ጠዋት ንዴቴን አስታውሼ አፈርኩ። አሁንም ባለቤቴንና ልጄን አንድ ማዕድ ላይ ሳያቸው ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ለእትዬ በሕይወቴ እንደሱ ያለ ሠርቼ የማላውቀውን ወንበር ሠርቼ ወሰድኩላቸው። ቆመው በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት።

"ይሄ ፎም ከየት መጣ?"

"ኧረ ከሱቅ ነው፣ እትዬ!"

አላመኑኝም። ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወርደው የጀልባዋን ሣጥኖች አንድ በአንድ አንኳኩ። ከዚያ ተመልሰው መጡና ተቀመጡ።