ቤቴል ያፈሰሰችው

ልጄ ቤቴል ሐኪም ልትሆን ዲላ ወርዳ መማር ከጀመረች ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

"ጨረሰች?"

"ገና ናት" እላለሁ።

ትምህርቷ ሁለት ነው። ሕክምናውን አጋምሳ አቆመች፤ አሁን ምርምር ትማራለች። ምርምሩን ስትጨርስ ወደ ሕክምናው ተመልሳ ታጠናቅቃለች። አብረዋት የገቡት ነጭ ጋዋን ለብሰው ደመወዝ ይበላሉ፤ እሷ ገና ተማሪ ናት። ለምን እንዲህ እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር።

"ሐኪም የታወቀውን ያክማል፣ አባ። ያልታወቀውን ማን ይፈልገው?" አለችኝ።

ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

አብዲሳ ግን መጠየቅ አይታክተውም። ቡና ነጋዴ ነው። የእህቱ ልጅ ከቤቴል ጋር ገብቶ ዘንድሮ ሐኪም ሆኗል። ቡሌ ገበያ መሐል አስቆመኝ።

"ባርናባስ፣ የኛ ልጅ ሰው ያድናል። ያንተዋስ መቼ ነው የምትደርሰው? እንሰት ነች እንዴ?"

እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ።

"እንሰት ያለው ቤት አይራብም" አልኩትና መንገዴን ሄድኩ።

በዚህ በጋ ቤቴል ለምርምሯ ወደኛው ወደ ቡሌ መጣች። ጉዳዩ እንቅርት ነው። ጨዉ አዮዲን ገብቶበታል ይባላል፤ የሴቶቻችን አንገት ግን ማበጡን አልተወም። ለምን? ከጨዉ ነው? ከጨዉ አያያዝ ነው? ከምንበላው ነው? ሰውነት የወሰደው አዮዲን በሽንት ስለሚወጣ፣ ከሰዉ ሽንት መሰብሰብ አለባት። ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ ካልሰበሰበች ምርምሩ ይቀርና ወደ ሕክምናው ብቻ ትመለሳለች። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ብሏታል።

እኔ ያን ሰሞን ዱመርሶ፣ የታመመ ወንድሜ ዘንድ ነበርኩ። እሷ ቀበሌውን አስፈቀደች፤ ሴቶቹንም አንድ በአንድ አስፈቀደች። ከዚያ ሥራ ጀመረች። ሶንጎ ግን አልመጣችም። ሶንጎ ሽማግሌዎቻችን በዛፉ ሥር የሚቀመጡበት ሸንጎ ነው። የአገሩን ሰው የሚነካ ነገር ለእነሱ ሳይነገር አይጀመርም። ቤቴል ይህን ሥርዓት ሳታየው በልጅነቷ ነው ለትምህርት የወጣችው።

ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። የሴቶቹን ሽንት ለውጭ አገር ሰው ሸጠች ተብሏል። ሶንጎው ጠርቷታል።

እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን በልጁ ጉዳይ አባት አይናገርም። ዱላዬን መሬት ላይ አጋደምኩና ከክቡ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ዱላው እስኪነሳ አፌ ዝግ ነው።

ቤቴል መሐል ቆመች። አጠገቧ ኃይለኢየሱስ የሚባል አብሯት የሚሠራ የጎንደር ልጅ የበረዶ ሳጥን ይዞ ቆሟል። ጌዴኦኛ ስለማይሰማ ዓይኑ ከሰው ሰው ይሮጣል።

"የማን ልጅ ነሽ?" አላት ጅግሶ። የሁላችን ታላቅ እሱ ነው። ያውቃታል፤ ደንቡ ስለሆነ ነው።

"የባርናባስ።"

"ሐኪም ነሽ?"

"ገና ነኝ፣ አባቴ።"

"ይህ የአንገት እብጠት ለምን እንዳልጠፋ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

አብዲሳ ጭኑን መታ። "ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው አላውቅም ለማለት ነው? እሱንማ እኔ ሳልማር እችለው የለም እንዴ!"

ሳቁ። ቤቴልም ፈገግ አለች።

"ጋሽ አብዲሳ፣ እርስዎ አላውቅም ብለው ይቀመጣሉ። እኔ አላውቅም ብዬ እነሳለሁ። የተማርኩት እሱን ነው።"

አሁን የሳቁት በአብዲሳ ነው። እኔ ወደ መሬት አየሁ። አባት በሶንጎ ፊት ጥርሱን አያሳይም።

ከወዲያ ከሴቶቹ መሐል አሰገደች ተነሳች። ጎረቤቴ ናት፤ እንቅርቷ ከሩቅ ይታያል።

"ሽንቱ የኔ ነው!" አለች።

"አሰገደች፣ ተራሽ አይደለም" አለ ጅግሶ።

"አንገቱም የኔ ነው! እስከ ዛሬ ከእናንተ ማን ልሸከምልሽ አለኝ? በየቀኑ እንሰት ሥር ሲፈስ ዝም ያላችሁት ሽንት፣ ዛሬ ሶንጎ የሚቀመጥበት ምን አግኝቶ ነው?"

ጅግሶ ራሱ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ፊቱ ተመለሰ።

"ሴቶቹ ፈቅደዋል። ዋሸሽ አላልንም። ቀበሌውም ፈቅዷል። አገሩ ግን አልተጠየቀም። ሳይጠየቅ የተወሰደ ወደ መሬቱ ይመለስ።"

ፍርዱ ምን እንደሆነ ገባኝ። የለፋችበት ሁሉ ይፈስሳል ማለት ነው። ከቡሌ ተራራ በላይ ደመናው መጥቆር ጀምሯል።

"ከዚያ በኋላ እንደገና ለመጀመር ብጠይቅ ትፈቅዱልኛላችሁ?" አለች ቤቴል።

"መጀመሪያ ይፍሰስ። ቃል ተቀብሎ የሚመልስ፣ መለሰ አይባልም።"

ኃይለኢየሱስ እጅጌዋን ሳበ። "ምን አሉ?"

"ድፊው አሉኝ።"

"ኧረ ቤቲ! ይሄ ሁሉ ድካም? ግማሹ እኮ ማረፊያችን ነው ያለው፣ አላዩትም…"

"ሂድና እሱንም አምጣው።"

"አብደሻል?"

"በምርምራችንም ሕግ የሰጠ ሰው መልሱልኝ ካለ ይመለስለታል። አምጣው አልኩህ።"

በአማርኛ ነው የተነጋገሩት። አማርኛ የማይሰማ ሽማግሌ ግን እዚያ አልነበረም።

ልጁ ሮጦ ሁለተኛውን ሳጥን አመጣ። ቤቴል እንሰቱ ሥር ተንበረከከች። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈተች አፈሰሰች። አልቸኮለችም፤ ክዳኖቹንም ለብቻ አስቀመጠች። ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ዱላዬ ግን መሬት ላይ ነው። አብዲሳን አየሁት፤ መሳቁን ትቷል።

የመጨረሻውን ደፍታ እጇን ታጠበችና ተመልሳ መሐል ቆመች።

"አሁን ጠይቂ" አለ ጅግሶ።

"አገሬን እጠይቃለሁ። የሴቶቻችን አንገት ለምን እንደሚያብጥ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከሴትም ከወንድም ሽንት ልሰብስብ። ያገኘሁትን ከማንም በፊት እዚህ አመጣለሁ። ካላገኘሁም አላገኘሁም ለማለት እመጣለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። እንደ ልማዳችን ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጅግሶ እርጥብ ሣር በጠሰና እጇ ላይ አኖረው።

"ሁለተኛው ሳጥን ማረፊያችሁ እንደነበር ሰምተናል። ያላየነውን አምጥተሽ የደፋሽ ልጅ፣ ያላየነውን ብትነግሪን እናምንሻለን። ጀምሪ።"

አሰገደች እልል አለች።

"ባርናባስ፣ ነገሩ አልቋል። ዱላህን አንሳ" አለኝ ጅግሶ።

አነሳሁ። ሁሉም ንግግር ጠበቀ። ወደ ልጄ ሄድኩና እጄን ዘረጋሁ።

"አዲስ ብልቃጥ ስጪኝ።"

ከእንሰቱ ጀርባ ገባሁ። ሽማግሌ ሰው ቶሎ አይሆንለትም።

"ባርናባስ፣ እዚያው ልታድር ነው?" አለ አብዲሳ።

"ተወው፣ እንሰት እያደረሰ ነው" አለ አንዱ፤ ሶንጎው በሳቅ ተናወጠ።

ይዤ ተመለስኩ። ቤቴል ብልቃጡ ላይ አንድ ምልክት ጻፈች።

"ስሜን አትጽፊም?"

"ስም አይጻፍም፣ አባ። ቁጥር ነው።"

"ቁጥሬ ስንት ነው?"

"አንድ።"

ከኋላዬ አሰገደች ቆማለች። ከአሰገደች ኋላ ጅግሶ። ቀጥሎ አብዲሳ ጉሮሮውን እየጠረገ መጣ። "ለኔ ክዳኑ የሚጠብቀውን ስጪኝ" አላት።

ማምሻውን ወደ ቤት ስሄድ ከገበያ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ አገኘኝ። የሆነውን አልሰማም።

"ልጅህ ጨረሰች?" አለኝ።

ቆምኩለት።

"ዛሬ ጀመረች" አልኩት።