የቅዳሜው ጉዞ ሦስተኛው ቤት

ቀናተኛ ነሽ ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። ስለደበቅሁት ነው እንጂ በታናሽ እህቴ የቀናሁትን ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሥራችን አንድ ነው። እንግዳ ሰብስበን አሮጌውን ከተማ በእግር እናስጎበኛለን። የሰዓት ማማውን፣ የድንጋይ ድልድዩን፣ የድሮውን ፖስታ ቤት እናሳይና በመሀል በመሀሉ ሦስት የጥንት መጠጥ ቤቶች ገብተን ጉሮሮ እናርሳለን። የቅዳሜው ጉዞ ለአሥራ አንድ ዓመት የእኔ ነበር። ጉልበቴ አብጦ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ አስጎብኚ ቢሮው ቅዳሜን ለእህቴ ሰጠብኝ። ወደ ሙያው ያስገባኋት ደግሞ እኔው ነኝ፣ እጄን ይቁረጠው።

ቅዳሜን ብቻ ብትወስድ ምንም አልነበረም። ሦስተኛው መጠጥ ቤት ግን የሎጋው ነው። በቁመቱ ነው ሰፈሩ ሎጋው የሚለው፤ ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። እንግዶቹ ሲጠጡ እኔና እሱ ባንኮኒው ጥግ ቆመን እናወራ ነበር። ወድጄዋለሁ፣ ምን ላድርግ። ለእሱ አልነገርኩት፣ ለእህቴም ትንፍሽ አላልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ምን አዋረደኝ ብዬ ሆዴ ውስጥ ቀበርኩት።

አንድ ቀን ታዲያ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣችና፣ ሎጋው ለእህቴ ዣንጥላ ይዞላት እስከ አደባባዩ ማዶ ሲሸኛት እንዳየች አወራችልኝ። ዝናብ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ኧረ ፀሐይ ነው አለችኝ። ይኸው እንግዲህ። እኔ ክረምት ከበጋ ስመላለስ ከደጃፉ አንድ እርምጃ አልፎ ሸኝቶኝ አያውቅም። አንጀቴ አረረ። ከዚያ ወዲያ እህቴ ስትስቅ በእኔ የምትስቅ፣ ፀጉሯን ስታበጥር ለእሱ የምታበጥር እየመሰለኝ ምግብ እንኳ አልወርድ አለኝ።

እኛ አስጎብኚዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ። አንዱ የሚተርከውን ታሪክ ሌላው አይነካበትም፤ ጉዞውን ያስረከበ ሰው ግን ታሪኩንም አብሮ ያስረክባል። ሐሙስ ከሰዓት ልብስ ስተኩስ እህቴ መጥታ፣ ስለ ሎጋው ቤት የምትናገረው እንዳለቀባት ነገረችኝ። እንግዶቹ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ከዚያስ ይሏታል። ጽሑፉ «አያታችን በገዛ እጁ የሠራው ቤት» ይላል። ውሸት ነው። እውነቱን አንድ ጭር ያለ ቀን ሎጋው ራሱ አጫውቶኛል። አያቱ ቤቱን አልሠራውም፤ በካርታ ቁማር ከጓደኛው የበላው ነው። ጓደኛው በማግስቱ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ልጆቹን አስከትሎ መንገድ ላይ ወጣ። ሎጋው ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ይህንኑ ለእህቴ ሰጠኋት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፣ እኔው ነኝ። ልጆቹን አምስት አደረግኋቸው፣ አንዷን አስታቀፍኩት፣ አሳመርኩት። ሎጋው ታሪኩን እንደሚወደው፣ እሱ ባለበት ጮክ ብላ ብትተርከው ደስ እንደሚለው ነገርኳት። ያባርራታል ብዬ ነው። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ ይላታል ብዬ። እሷ ግን አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ እንዳንቺ የሚያወራ የለም አለችኝ።

ቅዳሜ ጉልበቴ ተሽሎኛል ብዬ አብሬ ወጣሁ። ሲያባርራት በዓይኔ በብረቱ ማየት ፈልጌ ነው።

ለካ ጎበዝ ናት። ድልድዩ ላይ ፊቷን ወደ እንግዶቹ አዙራ የኋሊት ስትራመድ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈችም። ሰዓት ማማው ሥር እኔ ሩብ ሰዓት የምፈጅበትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፤ ሰዉም ከእኔ ጊዜ ይልቅ ሳቀ። የመጀመሪያው መጠጥ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ወደ ታች ስንወርድ ክርኔን ይዛ አወረደችኝ። ሁለተኛው ጋ ወንበር ሲጠፋ የራሷን ለቅቃልኝ ቆመች። መድኃኒት እየወሰድኩ መሆኔን አስታውሳ ቢራ ሳይሆን የሎሚ ጭማቂ አዘዘችልኝ። ያን ታሪክ ተዪው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሎጋው ከአደባባዩ ማዶ ካለው ደጁ ብቅ አለና፣ በተቀመጥንበት ቤት መስኮት አይቷት ሁለት እጁን አውለበለበላት። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጢሙ ተከርክሟል። አፌን ገጠምኩ።

ቤቱ ስንገባ ጠረጴዛዎቹን አገጣጥሞ ጠበቀን። ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ጠየቀኝ፣ ከጠፋሁ ስንት ጊዜ እንደሆነም ቆጠረልኝ። ደህና ነኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩበት። እህቴ ጽሑፉ ሥር ቆማ መተረክ ጀመረች። አሳምራ ነው የተረከችው። ፍራሹ ጋ ስትደርስ ሎጋው ብርጭቆ የሚያደርቅበት እጁ ቀጥ አለ። አንዱ እንግዳ፣ እንዲህ ከሆነ ጽሑፉ ቅጥፈት ነዋ ብሎ ሳቀ፤ ሁለት ሦስቱም አጀቡት።

አሁን ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሎጋው ግን እህቴን አላያትም። በአሥራ ሁለት ሰው አናት ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ።

«ይህን ከአንቺ በቀር ለሰው ነግሬ አላውቅም» አለ። «ለሟቿ ባለቤቴም አልነገርኳት።»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ ይወደዋል ብለሽኝ ነበርኮ።»

ስንት ወር ሙሉ ወሰደችብኝ እያልኩ ስቃጠል፣ ሰውየው ለሚስቱ ያልሰጠውን ለእኔ ሰጥቶኝ ኖሯል። እንግዶቹ ብርጭቋቸው ላይ አቀረቀሩ። እህቴ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም አንቺ ምን አጠፋሽ ብሎ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት፣ ቀስ ብሎም ወንበር ሳበላት። እኔን ማንም ውጪ አላለኝም። ራሴ ወጣሁ።