አባቴ ያልኖረው የሕይወት ታሪክ

አባቴ በተቀበረ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔው ነኝ፤ በሌላ ሰው ማላከክ አልችልም።

አባባ ሠላሳ አንድ ዓመት የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ላይ ሠርቷል። ወፍራሙን ቱቦ ጉድጓድ ውስጥ የሚከተው፣ ሲዘጋም በገመድ ታስሮ የሚወርደው እሱ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ "ቱቦ" ይሉታል፤ አባቱ ካወጣለት ስም ይልቅ ይህኛውን ሳይወደው አልቀረም። ማታ ሲመጣ ጓሮ ቧንቧው ሥር በሳሙና፣ ቀጥሎ በሎሚ፣ እንደገና በሳሙና ሳይታጠብ ደፉን አይረግጥም። አራታችንንም ያሳደገን፣ ያስተማረን በዚያ ሥራ ነው። እኔ ግን ትምህርት ቤት "ወላጅ አምጣ" ስባል ይዤ የምሄደው አጎቴን ነበር። አባባ ያውቃል። አንድ ቀን "አጎትህ ቁመናው ያምራል፤ ጥሩ መርጠሃል" ብሎኝ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

እህቴ የጻፍኩትን ቀድማ አንብባው ነበር።

"ይሄ የማን ነው?" አለችኝ።

"የአባባ ነዋ።"

"አባባ መቼ ነው የጽዳት አማካሪ የሆነው?"

"አለቃዬ ይመጣል፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ይመጣል። ጉድጓድ ሲመጥ ኖረ ልበል?" አልኳት ቱግ ብዬ።

"እሱ አፍሮበት አያውቅም" አለችና ወረቀቱን ወርወር አደረገችልኝ።

ለሞተ ሰው ትንሽ ቢጨመርለት ማን ይከሰኛል ብዬ አነበብኩት። ትንሽ መች ሆነና! አማካሪ አደረግሁት፣ ውጭ አገር ለሥልጠና ላክሁት፣ ሁለት ጥናት አስጻፍኩት። ለፎቶውም በሠርጌ እሑድ ሱፍና ክራቫት ለብሶ የተነሣውን መርጬ፣ ፎቶ ቤቱ ሽበቱን እንዲያጠቁረው አድርጌ ነበር። ሳነብ ከኋላ የቆሙ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ተንሾካሹከው ሹልክ ብለው ወጡ። አላወቅኋቸውም። የሥራ ቱታ ስለለበሱ መሄዳቸው እንዲያውም ደስ አሰኘኝ።

አፈሩ ተመልሶ፣ አለቃዬ እጄን ጨብጦ "ትልቅ ሰው ነው ያጣነው" እያለኝ ሳለ፣ ሦስቱ ሰዎች እያለከለኩ ተመለሱ። ቱታቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ሽማግሌው ቀረብ አለኝ።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና፣ የቱቦ ቀብር የት እንደሆነ ያውቃሉ? መጀመሪያ እዚህ መስሎን ገብተን ነበር። ከቱቦ ሌላ ስሙን አናውቅም፤ ሲነበብ ስንሰማ የሌላ ትልቅ ሰው ሆነብን፤ አፍረን ወጣን። ከታች ባለው ቀብር ሳጥኑን ተሸክመን፣ አልቅሰን፣ አፈሩን መልሰን ስናበቃ የሞቱት አሮጊት ናቸው አሉን።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እዚሁ ነው" አልኩት። "አባቴ ነው።"

ሽማግሌው ፎቶውን አየ፤ ጠጋ ብሎ ደግሞ አየ። "እውነትም ጆሮው የሱ ነው" አለ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ለካ እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል! ለኛ እንኳ ትንፍሽ አላለም እኮ። ግን ጌታዬ፣ ያን ሁሉ መቼ ሠራው? ሲነጋም ሲመሽም ከኛ ጋር ነበር።"

አለቃዬ አፍ አፌን ያየኛል። "ዋሽቼ ነው" ማለት ይበቃ ነበር። አላልኩም።

"ዕረፍት ሲወጣ ነው" አልኩት።

"ዕረፍት?" አለ ሽማግሌው። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ቀስ እያለ ጠፋ። ሲናገረኝም "ጌታዬ" ማለቱን ተወ። "ቱቦ ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም፣ ልጄ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሥራ የቀረው አንድ ቀን ነው፤ አንተ የተመረቅህ ዕለት። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁት ብሎ ሳምንቱን ሙሉ አወራልን።"

ባርኔጣውን አውልቆ ወደ መቃብሩ ዞረ።

አጥሩ ጋ ቆሞ እኔም አይቼው ነበር። ሎሚ የሸተተኝ ሁሉ መስሎኝ፣ ፊቴን አዙሬ ከጓደኞቼ ጋር ፎቶ ተነሣሁ።