ፌኔት ዓለም ገና መንገድ ላይ የጠየቀችው

ፌኔት ለጥናቱ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዷ መሆኗን የሰማች ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ የሮጠችው ደብተሯን እንኳ በወጉ ሳትይዝ ነው። ሰበታ አጠገብ ዓለም ገና የምትኖር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለአባቷ ለኦቦ ዋቆ ስትነግራቸው ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነበር።

ጥናቱን የጀመረችው የወይንሐረግ የምትባል የአዲስ አበባ ተመራማሪ ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪን ለሥራ ያዘጋጁታል ወይ ብላ ልታጠና መጣች፤ ግን ጠይቃ፣ ጽፋ፣ ላትመለስ የምትሄድ ዓይነት አልነበረችም። የሰበታን፣ የቡራዩንና የሱሉልታን ተማሪዎችና ወላጆች ሰብስባ፣ ጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ፣ ውጤቱም የእናንተው ነው አለቻቸው። ኦቦ ዋቆም ከወላጆች ተመርጠው፣ ከጤፍ አጨዳ ቀጥታ ለስብሰባ ይመጡ ጀመር።

አጠያየቅ ሲማሩ ፌኔት መጀመሪያ የተለማመደችው በአባቷ ነው። ልጅ ሳሉ ምን መሆን ይመኙ እንደነበር ስትጠይቃቸው ኦቦ ዋቆ፣ ከመሬት ውሃ የሚያወጣ መሐንዲስ አሉ። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ፌኔት በደስታ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። አንድ ጥያቄ ከገዛ አባቷ ውስጥ የማታውቀውን ሰው አወጣላት።

ከዚያ የ2008 ዓመተ ምሕረት ኅዳር መጣና አገሩ ታወከ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞችና የገበሬውን መሬት ሊጠቀልል ነው ተብሎ ወጣቱ መንገድ ወጣ። ትምህርት ቆመ፤ የቡራዩና የሱሉልታ ቡድኖችም ሥራቸውን አቋረጡ። የሰበታዎቹ የቀራቸው ትምህርት ጨርሰው ቤት የተቀመጡትን ወጣቶች ማነጋገር ነበር። የወይንሐረግ ደውላ፣ ከእናንተ ደኅንነት የሚበልጥ ጥናት የለም፣ እናቁመው አለች። ፌኔት ግን መንገዱ ሲከፈት እንጨርሳለን ብላ ሙጭጭ አለች፤ አባቷም አብሬያት እሄዳለሁ አሉ።

ጋብ ያለ ቀን ተገኘና የወይንሐረግም ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስቱም በባጃጅ ወጡ። ዓለም ገና መታጠፊያው ላይ ግን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ወጣቶች ባጃጁን ከበቡ። አንዱ የወይንሐረግ ጭን ላይ ያለውን ወረቀት አየና «መሬት ለኪዎች ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ጃለታ የሚባል ረጅም ልጅ ወረቀቱን ነጠቃት። ፌኔት አወቀችው፤ ከእሷ ትምህርት ቤት ነው የጨረሰው። ኦቦ ዋቆ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ ቀድማ ወረደች።

«አካም ጅርቱ» ብላ ሁሉንም ሰላም አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። ከዚያ ወደ ጃለታ ዞራ በኦሮምኛ፣ ወረቀቱ ላይ ስለ መሬት አንድም ነገር እንደሌለ፣ ከፈለገ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ነገረችው። ወረቀቱን ሳይገልጥ ሲያያት ከጥናቱ ጥያቄዎች አንዱን በቃሏ ጠየቀችው፦

«ትምህርት ስትጨርስ ምን መሥራት ነበር የፈለግኸው?»

 

«ኤሌክትሪክ» አለ ጃለታ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ። «ፋብሪካ ሄድኩ፤ ልምድ አምጣ አሉኝ። እኛ እዚያ ትምህርት ቤት የፋብሪካ በር እንኳ ከውስጥ አይተን እናውቃለን? ልምዱን ከየት ላምጣው?»

ከኋላ አንዱ «የኔንም ጻፊ» አለ። ሌላው ተከተለ። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠባበቁ ጀመር። የወይንሐረግ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ከቦርሳዋ ባወጣችው ሌላ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ ኦቦ ዋቆ ባረጀ እጃቸው የሚንሸራተተውን ወረቀት ይይዙላታል። ፌኔት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ስትጠይቅ ፍርሃቷን ረሳች። ይህን ያህል ሰው ይህን ያህል ነገር ይዞ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ነው የተቀመጠው።

ከሰበታ በኩል የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ተበተነ። ጃለታ ግን አልሸሸም፤ የነጠቃቸውን ወረቀቶች አስተካክሎ መለሰና በማሳው ውስጥ እየመራ ቤት አደረሳቸው።

በጥር ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። በሁከቱ የሞቱት ሰዎች ሐዘን ከብዙ ቤት ገና ባይወጣም ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ውጤቱ አዳራሹ ውስጥ ለወላጅ፣ ለመምህራንና ለአንድ ፋብሪካ የቅጥር ኃላፊ ቀረበ። ፌኔት በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገረች፦ ልጆቹ የጎደላቸው ፍላጎት አይደለም፤ ትምህርት ከመጨረሳቸው በፊት አንድም የሥራ ቦታ ረግጠው አያውቁም። ኃላፊው ፋብሪካ መለማመጃ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሲነሳ ጃለታ ከኋላ ቆመና፣ ልምድ አምጣ ያሉትን ቀን ያለ ቁጣ ተረከ። ኃላፊው ተቀመጠ። ሲሰነባበቱ፣ በእረፍት ወቅት ጥቂት ተማሪዎችን ለሙከራ ለመቀበል ተስማማ፤ ተማሪ ያልሆነው ጃለታም አብሮ እንዲገባ በአዳራሹ የነበሩት ወላጆች ተከራክረው አስፈቀዱ።

ለሁሉም አልበቃም፤ ለብዙዎቹ ገና ነው። የመጀመሪያው ቡድን ግን የካቲት ውስጥ በፋብሪካው በር ገባ። ፌኔት የሰፋት የራስ ቆብ ዓይኗ ላይ እየወረደ በአንድ እጇ ደግፋዋለች። ባለሙያው ማሽኑን ሲያስነሳው ወለሉ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ጃለታ አጠገቧ የሆነ ነገር ይላታል፤ ጩኸቱ ውጦት አልሰማችውም፤ ብቻ ሁለቱም ይስቁ ነበር።