በሃዋኒ ስም የሰጠሁት ሽንት

እኔ ወረፋ አልችልም። ባንክ ቤት ይሁን ቀበሌ፣ ከፊቴ ሁለት ሰው ካየሁ እግሬን ያሳክከኛል። ጊንጪ እህል በረንዳ የሚያውቁኝ ሁሉ «ወሰንየለሽ ጤፉ ተሰፍሮ ሳያልቅ ጆንያውን ትቋጥራለች» እያሉ ይስቁብኛል። ጠባዬ ነው እያልኩ አርባ ስምንት ዓመት ኖርኩበት። ዘንድሮ ግን ይህ ጠባዬ የወንድሜን ልጅ ሊገድልብኝ ነበር። ሳላሳምር ልንገራችሁ።

ወንድሜ ቀንዓ የግብርና ባለሙያ ነው። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አምና ሃዋኒን አገባ። ሃዋኒ የሐሮ ወንጪ ልጅ ናት፤ ሰው ፊት ውሃ ለመጠጣት እንኳ የምታፍር። እኔን እንደ አማት ነው የምታየኝ። ስገባ ትነሳለች፣ ስናገር ዓይኗን ትሰብራለች፣ በአገሯ ደንብ የባልን ታላቅ በስም መጥራት ነውር ስለሆነ ስሜን አንድ ቀን ጠርታው አታውቅም፤ «እትዬ» ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

አምስተኛ ወሯን እንደያዘች ቀንዓ ለሥራ ገጠር ወጥቶ ስለነበር ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አዋላጇ ሲስተር ዶርቃስ ክብደቷንና ደም ግፊቷን ለካች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ከዚያ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሰጥታ «ሽንት ይዘሽ ላብራቶሪ ስጪ» አለቻት። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው። በሩ መቀርቀሪያ የለውም፤ ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ወንዶች ተራ ይጠብቃሉ። ሃዋኒ ገባች፤ ወጣች። ኩባያው ባዶ ነው።

«እምቢ አለኝ፣ እትዬ።»

«ውሃ ጠጪና ተመለሺ።»

ጠጣች፤ ተመለሰች። አሁንም ባዶ። ሰዎቹ ሲያዩአት ፊቷ በርበሬ መስሏል። የኔ ስልክ ደግሞ ይጮኻል። ከጉደር የመጣ ነጋዴ ጤፌን ሊያይ በረንዳው ላይ ቆሟል።

«አምጪው ወዲህ!» አልኳት።

ኩባያውን ከእጇ ነጥቄ ገባሁና የራሴን ሽንት ይዤ ወጣሁ። በሃዋኒ ስም ለላብራቶሪ ባለሙያዋ ሰጠኋት። ሃዋኒ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትሳቅ ትደንግጥ አላየሁም፤ ችኮላ ላይ ነበርኩ። «ሽንት ሽንት ነው፣ ምን ልዩነት አለው» ማለቴ ግን ትዝ ይለኛል። ውጤቱ ንጹህ ነው ተብሎ ካርዷ ላይ ተጻፈ። ሲስተር ዶርቃስ «ጎሽ፣ ጎበዝ» ስትላት እኔ ነኝ የኮራሁት።

ከወር በኋላ ሃዋኒ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሽንቷን ስትሸና እንደሚያቃጥላት፣ ወገቧንም እንደሚያማት ነገረችኝ። ለባሏ አልነገረችውም፤ ታፍራለች። የነገረችው ለኔ ብቻ ነው።

«ምርመራሽ ንጹህ ነው ተብሎ የለ እንዴ? ብርድ ነው፤ ትኩስ ነገር ጠጪበት» አልኳት።

ያ ውጤት የማን እንደሆነ አፌ ሲናገር ልቤ ያውቀው ነበር። እሷም ታውቀው ነበር። ዓይኗን ሰብራ «እሺ፣ እትዬ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። 

ሰባተኛ ወሯ ላይ እህቷ ሐሮ ወንጪ ተዳረች። ቀንዓ በሞተር ሳይክሉ ወስዶ መለሳት። በማግስቱ ማለዳ ሃዋኒ ሆዷን ይዛ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች፤ «ዋቃዮ! ዋቃዮ!» እያለች ፈጣሪዋን ከመጥራት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። አምቡላንስ ተጠርቶ አምቦ ወዳለ ሆስፒታል ስንደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።

ዶክተር ሲሞን የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ምጡን የሚያቆይ መድኃኒት አዘዘላት፤ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌም ተወጋች። ከዚያ ካርዷን ይዞ ጥያቄውን አከታተለው። ከዚህ በፊት ጊዜው ሳይደርስ ወልደሻል? አስወርዶሽ ያውቃል? መንታ ነው ተብለሻል? ወድቀሻል? ከባድ ነገር ተሸክመሻል? መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራስ? ለሁሉም «የለም» አለች።

«ሽንትሽን ስትሸኚ ያቃጥልሻል?»

ሃዋኒ ወደ እኔ አየች። ቀንዓ አጠገቤ ቆሟል። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«የለም» አለች።

ሐኪሙ ካርዱን ገለበጠው። «እዚህም ንጹህ ነው ይላል። እንደግመዋለን፤ መጀመሪያ ግን በአልትራሳውንድ ሌላ ሌላውን እንይ» አለ።

ይህች ልጅ ምጥ ይዟት፣ ልጇን ልታጣ ተቃርባ፣ እኔን ባሏ ፊት ላለማሳፈር ዋሸች። እኔም ዋሽታ ስታድነኝ ዝም አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ቀንዓ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«እኔ ነኝ፣ እቴቴ። ሞተሩ ነው። የወንጪን መንገድ ታውቂው የለ? "ቀስ በል፣ ሆዴን" አለችኝኮ። ሠርጉ እንዳያመልጠን ብዬ አልሰማኋትም። በገዛ እጄ ልጄን…»

እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጀርባውን እያሻሸሁ «አይዞህ» እላለሁ። እኔ! አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። አፌን ከፍቼ እዘጋዋለሁ። እንደ እናቱ የሚያከብረኝ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ሲቀየርብኝ ማየት ፈራሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነገር አሰብኩ፤ ምናልባት እውነትም ሞተሩ ይሆናል አልኩ። እንዲሆን ተመኘሁ። ከዚህ ሁሉ ወዲያ ጥፋቱ የወንድሜ እንዲሆን ከልቤ ተመኘሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ነርሷ ከክፍሉ በጥድፊያ ወጣች። ሃዋኒ ትኩሳት ይዟት እየተንቀጠቀጠች ነበር። ዶክተር ሲሞን ሲመጣ ቀንዓ እየሰማ መንገዱ ላይ ቆምኩበት።

«ዶክተር፣ ያ ሽንት የኔ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ካርዱ ላይ ንጹህ ነው የተባለው። የሸናሁት እኔ ነኝ፤ ገበያ ቸኩዬ። እሷን ከወር በላይ ሲያቃጥላት ቆይቷል። ነግራኝ ነበር።»

ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበረውም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የራሷ ሽንት ተመርምሮ ውጤቱ መጣ። ኢንፌክሽኑ ከሽንት ቧንቧዋ አልፎ ኩላሊቷ ደርሷል። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ተጀመረ። ሐኪሙ ወደ ቀንዓ ዞሮ «እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን ምጥን ያለጊዜው ያመጣል፣ ኦቦ ቀንዓ። የሞተሩ ጉዞ ነው ብዬ አልገምትም» አለው። ቀንዓ እሺ ለማለት «ቶሌ» ብቻ አለ። ወደ እኔ አልዞረም።

ምጡ አሥራ አንድ ቀን ቆመላት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሴት ልጅ ወለደች፤ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። ሃቦኔ አሏት። እንዲህ ያለች ሕፃን ቀን ከሌሊት ከሰው ገላ ጋር ተጣብቃ መሞቅ አለባት ተባለ። ሃዋኒ ግን ከሕመሙ ገና አላገገመችም፤ የሚያግዛት ሴት ያስፈልጋል። ቀንዓ «ከወንጪ እህቷን አስጠራለሁ» አለ። ሃዋኒ ካገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እትዬ ትያዛት» አለች።

ይቅርታ ይሁን ድካም አልጠየቅኳትም። ልብሴን ከፈትኩ። ነርሷ ያችን ጭብጥ የማትሞላ ልጅ ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላ አሰረችልኝ። ትንፋሿ ሲቆራረጥ የኔም ይቆራረጣል፤ ስትረጋጋ እረጋጋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ቀንዓ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ለሐኪሙ ከተናገርኩ ወዲህ ከሰላምታ በቀር አናግሮኝ አያውቅም። ልጅቷን አየና ጠየቀኝ።

«እቴቴ፣ ኮሪደሩ ላይ ሳለቅስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጀርባዬን ስታሻሺኝ?»

«አዎ።»

«ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት?»

«አዎ፣ ወንድሜ።»

እጁን ዘርግቶ የልጅቷን ኮፍያ አስተካከለ። ጣቱ እንዳይነካኝ ተጠንቅቆ ነበር።

«ለሽንቱ ሃዋኒ ይቅር ብላሻለች፤ እኔም ብያለሁ። መቸኮልሽን ድሮም አውቀዋለሁ። ለዚያኛው ግን አልቻልኩም።»

ቀና ብዬ ላየው አቃተኝ። ተነስቼ እንዳልወጣ ልጅቷ ደረቴ ላይ ተኝታለች።